ካሴቶቹን ይዘህ ና

ሰላም ነህ ወይ አንተ የጠፋህ? እትዬስ ደህና ናቸው? ደብረ ታቦር ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? መንገዱም ኔትወርኩም እንዴት እንደከረመ ታውቀዋለህና ማን ቀድሞ ጠፋ የሚለውን እንተወው። ይልቅ የምነግርህ ነገር አለኝ።

ያ ሮላንድ ቪኤስ 880 ድምፅ መቅጃችን፣ ሪከርደሩ፣ ትዝ ይልሃል አይደል? ባለ ስምንት ትራኩ፣ በፈረንጆቹ 1996 የወጣው። እኛ እጅ ሲገባ እንኳ ሽማግሌ ነበር። አሁን ከላፕቶፔ ጋር ተገናኝቶ እየሠራ ነው፣ ብታየው አታምንም።

መጀመሪያ የውስጡ ሃርድ ዲስክ ሲነሳ ቀጭን ፉጨት ጀመረው። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ካቻቪቴ አያነሳም፣ ቀድሞ ውስጡ ያለውን ያወጣል። ዲስኩን ነቅለህ ኮምፒውተር ላይ ብትሰካው ደግሞ ምንም አታገኝም፤ ማሽኑ የሚጽፈው በራሱ ፎርማት ስለሆነ ዊንዶውስ አያነበውም፣ ጭራሽ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። እሺ እንዳትለው ባክህ! ያለው መንገድ ከጀርባው ባለችው ዲጂታል መውጫ፣ ኤስፒዲፍ በሚሏት፣ ማስወጣት ነው። ሳውንድ ካርድህ የዚህችው መግቢያ ያለው ይሁን።

ለገመድ ብር አታባክን። የሚፈለገው 75 ኦም ነው፣ በድሮ ዲቪዲ ማጫወቻ ለምስል የምንሰካት ቢጫዋ ገመድ ደግሞ 75 ኦም ናት። ቀዩና ነጩ ይቅሩ። ተሰክቶም ድምፁ በየመሃሉ ጠቅ ጠቅ ካለ ገመዷን አትርገም፤ ሪከርደሩና ኮምፒውተሩ በየራሳቸው ሰዓት እየሄዱ ስለሆነ ነው። የሳውንድ ካርዱን ማስተካከያ ክፈትና ክሎክ የሚለውን ከኢንተርናል ወደ ኤስፒዲፍ ቀይረው፣ ያኔ ኮምፒውተሩ ሪከርደሩን ይከተላል። ፕሮጀክቱንም ዘፈኑ በተቀዳበት ሳምፕል ሬት፣ ማለት ድምፁ በሰከንድ በተለካበት ብዛት፣ ክፈተው፤ 44.1 ኪሎኸርዝ ከሆነ 44.1፣ 48 ከሆነ 48።

አድካሚው ነገር መውጫዋ ሁለት ቻናል ብቻ መሆኗ ነው። ስለዚህ ስምንቱን ትራክ ሁለት ሁለት እያደረግህ፣ አንዱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ሌላውን ወደ ቀኝ ገፍተህ፣ ኢፌክቱንም ኢኪውንም (የቃና ማስተካከያውን) ዘግተህ ታወጣለህ። የአንድ ሰዓት ቅጂ አራት ሰዓት ይበላል። በኋላ እንዳይዛነፉ ብዬ ከዘፈኑ በፊት ባለው ባዶ ቦታ አንዲት ጠቅታ በስምንቱም ትራክ ላይ ኮፒ አደረግኩ፣ ላፕቶፑ ላይ በእሷ አሰለፍኳቸው። ክሎኩ አንድ ስለሆነ ዘፈኑ እስኪያልቅ ዝንፍ አይልም።

ሁሉም ከወጣ በኋላ ነው ማሽኑን የፈታሁት። የድሮውን ዲስክ አውጥቼ በ44 ፒን አዳፕተር ኮምፓክት ፍላሽ ካርድ ተካሁበት፣ ማሽኑ ራሱ ኢኒሻላይዝ አደረገው፣ ማለት በራሱ ፎርማት አዘጋጀው፣ አለቀ። ፉጨት የለ፣ የሚሽከረከር ነገር የለ። ግን ዩፒኤስ አሁንም ያስፈልጋል፤ መብራት ድርግም ሲል ሴቭ ያላደረግኸው እንደሆነ ሄደ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ቁምሳጥንህ ውስጥ ያሉት የዳት ካሴቶች፣ እነዚያ ድምፁን በዲጂታል የያዙት ትንንሾቹ፣ ያሳስቡኛል። ሶኒ ዳትን ያወጣው በፈረንጆቹ 1987 ነው፣ ማሽኖቹን መሥራት ያቆመው ደግሞ በ2005። ዛሬ ጤነኛ ማጫወቻ የያዘ ሰው እንደ አንተ ብርቅ ነው። ደግሞ ተራ ካሴት ሲያረጅ እያቃሰተ ነው፣ ይሻክራል፣ ይታፈናል፣ አንተም ትሰማዋለህ። ዳት ግን ስህተቱን ራሱ እያረመ ጥርት ብሎ ይሄድ ይሄድና ማረም ሲያቅተው ድምፁ ይቋረጣል፣ ወይ ጭራሽ ዝም ይላል። ያ ዓባይ ማዶ የቀዳነው መሰንቆ መቺ ሽማግሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እኔ ጋ አንድም ቅጂ የለውም። አንተ ጋ ያለው ብቻ ነው። አሁን ካላወጣነው መቼ ልናወጣው ነው?

ስለዚህ መንገዱ ሰላም ሲሆን ካሴቶቹንም ማጫወቻውንም ይዘህ ና። አዲሱን የዓባይ ድልድይም በዚያው ታየዋለህ። ብቻ እንደደረስክ ማጫወቻውን እንዳታስነሳው። በብርድ የከረመ ማሽን የጣና ዳር እርጥበት ሲያገኘው የሚሽከረከረው ጭንቅላቱ ላይ ጤዛ ይይዛል፣ ቴፑም እዚያ ላይ ይጣበቃል። ክፍሉን እስኪለምድ ሦስቱንም ቡና ጠጥተን እንጨርሳለን፣ አትቸኩል።

እስከዚያው አንድ ነገር እይልኝ። ማጫወቻህ ጀርባ ያለው ዲጂታል መውጫ እንደ ቢጫዋ ገመድ ክብ ነው ወይስ ትንሽ ክዳን ያለው ኦፕቲካል፣ በብርሃን የሚልከው? ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፣ ኦፕቲካል ከሆነ ገመዱን ከአሁኑ ከአዲስ አበባ ላስመጣ።