ባለው ብር የተሻለ ምግብ፦ የሥነ ምግብ ክበብ በ2017 ዓ.ም.

የሥነ ምግብ ክበብ ሲባል ለብዙ ሰው ትዝ የሚለው አቮካዶ፣ ማርና ውድ ዘይት ነው። ጥቅምት ላይ አባላት ስንመዘግብ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ «አቦ ቲቸር፣ ይኼ ክበብ የሀብታም ነው እንዴ?» አለችኝ። የዓመቱን ሥራ የወሰነልን ይኼ ጥያቄ ነው። ሽሮና ምስር በሚበላበት ቤት፣ በዚያው ብር፣ ምግቡን እንዴት እናሻሽለው?

መጀመሪያ እዚሁ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ወረድን። ከሐረማያ በኩል የሚመጣው ካሮት፣ ድንችና ጥቅል ጎመን ጠዋት ትኩስ ነው፤ ዋጋውም ትኩስ ነው። የድሬ ፀሐይ ደግሞ ለቲማቲም አታዝንም። ቀኑ እየመሸ ሲሄድ ሻጮቹ ይዘውት ከሚያድሩ መደቡን ከፍ አድርገው ይሰጣሉ። ተማሪዎቹን ለሁለት ከፍለን ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ 11 ሰዓት ላይ በእኩል ብር ገዙ። የማታዎቹ ፌስታል ከበደ። እርግጥ ጥቂቱ ቲማቲም ለስለስ ብሏል። አንዲት ሻጭ እናት መላውን አሳዩን። በአውራ ጣታቸው እየነኩ ለሁለት ለዩልን። «ይኼን ዛሬ ወጥ ውስጥ ጨምሩት፣ ጠንከር ያለው ለነገ ሰላጣ ይሆናል። የፈሰሰውን ግን አትግዙ፤ እኔም አልሸጥላችሁም» አሉ። እኔ በአንድ ክፍለ ጊዜ የማልጨርሰውን በሁለት ደቂቃ ጨረሱት።

ከዚያ ወደ ምስሩ ገባን። 100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ 24 ግራም አካባቢ ፕሮቲን አለ። ሲቀቀል ውኃ ስለሚጠጣ ጭልፋው ላይ ያለው መጠን ይቀንሳል። ቢሆንም በዋጋው የሚወዳደረው ብዙ ምግብ የለም። እህልና ጥራጥሬ አብረው ሲበሉ ደግሞ የአንዱን ፕሮቲን ጉድለት ሌላው ይሞላል። እንጀራ በምስር፣ ሩዝ በምስር፣ የማሽላ ቂጣ በሽሮ፣ ሁሉም ያው ነው። እናቶቻችን ያለ መማሪያ መጽሐፍ ሲሠሩት ኖረዋል። እኛ የጨመርነው ሎሚ ብቻ ነው። የምስሩን አይረን ሰውነት በደንብ እንዲወስደው ቫይታሚን ሲ ያግዛል። ሻይ ግን ይከለክላል፤ ስለዚህ ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቢቆይ ይመረጣል። ይህን በተለይ ለሴት ተማሪዎቻችን አጥብቀን ነግረናል፤ በወር አበባ ምክንያት አይረን ስለሚያጡ። መምህራን ክፍል ግን ሻዩ ዛሬም ከምሳው እኩል ይቀርባል። እዚያ ክበቡ አልተሳካለትም።

ግቢው ውስጥ ያስወራን የስኳሩ ነገር ነው። ከላቦራቶሪ ሚዛን ተውሰን፣ በአንድ ባለ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ውስጥ የሚገኘውን ያህል ስኳር፣ 30 ግራም ገደማ፣ መዝነን የቡና ሲኒ ውስጥ ጨመርነው። ሲኒው ተጋመሰ። በእረፍት ሰዓት በጠረጴዛው ዙሪያ የተሰበሰበው ልጅ ብዛት! የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር በቀን ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 በታች እንዲሆን ይመክራል። አንድ ልጅ «እና በሙቀቱ ምን እንጠጣ?» ብሎ ተቆጣ። ውኃ፣ ወንድሜ። በተረፈው ብር ሙዝ ግዛ።

ሁለት ነገሮች በየቤቱ ገብተዋል ብዬ አምናለሁ። አንዱ ጉንቁል ነው። ባቄላ ወይም ሽምብራ አንድ ሌሊት ተነክሮ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል። በድሬ ሙቀት ለመብቀል ብዙም አያስጠብቅም፤ ጠዋትና ማታ ካላጠቡት ግን ይሸታል። መብቀሉ አይረንና ዚንክ አስሮ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ተነክሮ ያደረ ጥራጥሬ ቶሎ ስለሚበስልም ከሰል ይተርፋል። ወላጆችን ያሳመነው ከዚንኩ ይልቅ ከሰሉ ነው።

ሌላው የባቢሌ ኦቾሎኒ ነው። ርካሽ፣ ዘይትም ፕሮቲንም ያለው፣ ከብስኩት የሚሻል መክሰስ ነው። ነገር ግን የሻገተ ኦቾሎኒ ውስጥ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊኖር ይችላል፤ መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ተማሪዎቹ ትሪ ላይ ዘርግተው የጠቆረውን፣ የተጨማደደውንና የሻገተውን መልቀም ተማሩ። የተለቀመውን አንዱ ለዶሮ ሊወስድ ሲል አስቆምነው፤ ዶሮንም ይጎዳል።

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን የካቲትና መጋቢት ላይ ተገናኝተው ስለነበር ቅምሻ ያለበት ፕሮግራም አቆምን። ክበቡ ግን አልተዘጋም። ለኢፍጣርም ለጾም ምሳም የሚሆን አንድ ሾርባ በወረቀት ላይ ነደፍን፦ አጃ፣ ምስር ክክ፣ ካሮት፣ በመጨረሻ አንድ እፍኝ የሽፈራው ቅጠል። ሥጋም ቅቤም የለበትም። ጥቂት ዘይት ግን አለው፤ የካሮቱና የቅጠሉ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት በደንብ አይወሰድም። ቅጠሉን አድርቆ ለማቆየት የፈለገ ጥላ ሥር ያድርቀው፤ ፀሐይ ቫይታሚኑን ትጎዳዋለች።

ግንቦት ላይ የምግብ ውድድር አደረግን። ደንቡ ቀላል ነበር፦ 200 ብር፣ አምስት ሰው፣ አንድ ምሳ። ሁሉንም ቡድን ያስጨነቀው ዘይት ነው። ከጠርሙሱ በቀጥታ የሚያፈስ ቡድን ብሩ ሽንኩርቱ ላይ አለቀበት። ያሸነፉት በሾርባ ማንኪያ የለኩት ናቸው። ሩዝ በምስር ሠርተው፣ ካሮት ፈቅፍቀው፣ ሽፈራው በትነው፣ ሎሚ ጨምቀው አቀረቡ። አዮዲን ያለውን ጨው ከእሳቱ ሊያወርዱ ሲሉ ነው የጨመሩት፤ አዮዲኑ በሙቀት እንዳይባክን። አንዲት የዳኛ ኮሚቴ አባል ዳጣ ይጎድለዋል ብለው ነጥብ ቀነሱ። አልተከራከርንም፣ ትክክል ነበሩ።

ለ2018 አባላት መስከረም ውስጥ እንመዘግባለን። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ለጓሮ አትክልት ተፈቅዶልናል። የእጅ መታጠቢያውን ፍሳሽ ውኃ ወደዚያ የሚወስድ ቱቦ ያስፈልገናል። ትርፍ ቱቦ ወይም የሽፈራው ችግኝ ያለው ወላጅ በልጁ በኩል ይላክልን።