«ስልክ ካለሽ ሱቅ አለሽ» ለሚሉት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በንግድ ገጻችሁ ስለ ኦንላይን ሱቅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ኪራይ የለም፣ መነሻ ገንዘብ አያስፈልግም፣ ቻናል ከፍቶ ፎቶ መለጠፍ ነው ይላል። እኔ የሀበሻ ልብስ በቴሌግራም የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ጽሑፉን አንብባ ሥራዋን ልትለቅ ያሰበች የእህቴ ልጅ ስላለች ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ከመነሻ ገንዘቡ ልጀምር። ሽሮ ሜዳ ያለ ሸማኔ ለጥምቀት የሚደርስ ቀሚስ የሚይዝልሽ ቀብድ ስትሰጪው ነው። ቀብድ ያልሰጠች ሰው ተራዋ ከበዓሉ በኋላ ነው። «ዕቃ ሳትይዢ ሽጪ» የሚለው ምክር ምናልባት ለስልክ ከቨር ይሠራ ይሆናል፤ በእጅ ለሚሸመን ጥለት ግን አይሠራም።

ፎቶውም ቢሆን ተለጥፎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በአምፖል ብርሃን የተነሣ ቀይ ጥለት ብርቱካናማ መስሎ ይወጣል፤ ፈትልና ሳባ የሚባሉትን የጨርቅ ዓይነቶች ደግሞ በስክሪን የሚለይ ደንበኛ ጥቂት ነው። ስለዚህ ጠዋት በረንዳ ላይ አነሣለሁ፣ ጨርቁን በጣቴ ዘርጋ አድርጌ አጭር ቪዲዮ እጨምራለሁ። ከዚያ የልክ ጣጣ ይመጣል። «ሜዲየም ነኝ» ለሀበሻ ቀሚስ ትርጉም የለውም፤ ደረት፣ ወገብ፣ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ያስፈልጋል። አሜሪካ ያሉት ቁጥሩን በኢንች ይልኩታል፣ እዚህ ሰፊው በሳንቲም ይቆርጣል። ስለዚህ በቪዲዮ ደውዬ ሜትሩን ይዘው ፊቴ እንዲለኩ አደርጋለሁ። አንዳንዷ ትሥቃለች፤ ይሁን፣ ቀሚሱ ከጠበባት ግን የምትሥቅ የለችም።

ኪራይ የለም የተባለውስ? ለአከራይ የማልከፍለውን ለዴሊቨሪ እከፍላለሁ። ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ያለ ፈቃድ ስለማይንቀሳቀስ የሚያደርስልኝን ሰው ከሌሎች ሻጮች ጋር እሻማለሁ። ሞተረኛው ልጅ አያት ሰፈር ድረስ ሄዶ «ከማደያው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» ይባላል፤ ሰማያዊ በር አራት አለ፣ የደንበኛዋ ስልክ ደግሞ ዝግ ነው። ይዞት ሲመለስ የደርሶ መልስ ይጠይቀኛል፤ ልክ ነው፣ ነዳጅ አቃጥሏል። ይህ ወጪ በጽሑፋችሁ ውስጥ የለም።

ስለ ክፍያ ሲነሣ፣ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ሥራው እንደቀለለ አልክድም። ግን «ከፍያለሁ» ተብሎ የሚላክ ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም። በስልክ የሚቀናበር ደረሰኝ ስለሞላ የራሴ ሒሳብ ውስጥ መግባቱን ሳላይ ፌስታሉን ለልጁ አላስረክብም። «ለዓለም ትሸጫለሽ» የሚለውም ግማሹ ብቻ እውነት ነው፤ ስትራይፕን የመሰሉት የውጭ የኦንላይን ክፍያ ድርጅቶች ኢትዮጵያ ላለ ነጋዴ ሒሳብ አይከፍቱም። ዋሽንግተን ያለችው ደንበኛዬ የምትከፍለኝ እዚህ ባለችው እህቷ በኩል ነው፣ ቀሚሱም የሚሄደው በመንገደኛ ሻንጣ ነው።

በጣም የሚያናድደኝ ግን «ኦንላይን ስለሆነ ፈቃድ አይጠየቅም» የሚለው ነው። ንግድ ንግድ ነው፤ ቴሌግራም ላይ መሆኑ ከንግድ ፈቃድም ከግብርም አያወጣም። እንዲያውም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍ ይላል፤ እኛ ዘንድ ግን «ዋጋ በኢንቦክስ» ባህል ሆኗል፣ የደንበኛዋን ፕሮፋይል እያዩ ዋጋ ለመቁረጥ። እኔ በየፎቶው ሥር ዋጋ ስለምጽፍ «ገበያ አበላሸሽ» ብለው የሚቆጡኝ ሻጮች አሉ።

ቀጥሎ በዚህ ጉዳይ ስትጽፉ ብዙ ተከታይ ያላትን ብቻ አታነጋግሩ። ላይቭ ላይ «ዋጋ?» ብሎ ጠይቆ የሚጠፋው ሁሉ ተከታይ ተብሎ ይቆጠራል። ሸማኔውንና ሞተረኛውን ጠይቁ፣ ሻጯንም ስንት ዕቃ ተመልሶ እንደመጣባት ጠይቋት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሀበሻ ልብስ ነጋዴ፣ ከሽሮ ሜዳ፣ አዲስ አበባ