ከንፈሩ ለምን ዘፈኑን ይስታል?

ለአዘጋጁ፦

ስለ ሙዚቃ ቪዲዮ ሲጻፍ ስለ ልብስና ስለ ጭፈራ ብዙ ይባላል፤ ስለ ከንፈር ግን ዝም ነው። ክሊፕ በመጀመሪያ ዘፈኑን ለመሸጥ የሚሠራ ማስታወቂያ ነው። ታሪክ ኖረውም አልኖረውም፣ ተመልካቹ ድምፁ ከዚያ አፍ እንደወጣ ማመን አለበት።

ስለዚህ ቀረጻ የሚጀመረው የዘፈኑ ሚክስ (የድምፆቹ የመጨረሻ ቅልቅል) ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲያ ፍጥነቱ ትንሽ እንኳ ከተነካ የተቀረጸው ሁሉ ይዛነፋል። ድምፃዊው ቀረጻው ላይ ከስፒከር ከሚለቀቀው ዘፈን ጋር ጮክ ብሎ ይዝፈን፤ አፉን ብቻ ካንቀሳቀሰ የአንገቱ ጅማትና ትንፋሹ ያጋልጡታል። ካሜራውም ድምፅ ይቅዳ፤ ለተመልካች ባይሰማም ኤዲተሩ ምስሉን ከዘፈኑ ጋር የሚገጥመው በእሱ ነው። ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ቢያንስ 3 ጊዜ፣ ከሩቅ፣ ከመካከለኛ ርቀትና ከቅርብ መቅረጽም ይበጃል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ስሎው ሞሽን ላይ ነው። ቪዲዮው የሚወጣው በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሆኖ ቀረጻው በ50 ከሆነ፣ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት መለቀቅ አለበት። ድምፃዊው እንደ ጫጩት ይንጫጫል (ሳቅ የማይቀር ነው)፤ ወደ 25 ሲወርድ ግን ሰውነቱ ይንሳፈፋል፣ ከንፈሩ ግጥሙን አይስትም።

ሌላው ጣጣ በተለያየ የፍሬም ቁጥር የተቀረጹ ምስሎችን መቀላቀል ነው። በ24 የተቀረጸ የ4 ደቂቃ ምስል በ25 ከተጫወተ ከዘፈኑ 9.6 ሰከንድ ቀድሞ ያልቃል። ካሜራዎቹን ሁሉ አንድ ቁጥር ላይ ማድረግ ደግሞ 2 ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለት የክሊፕ ኤዲተሮች