በሩ ሲከፈት የተዘጋው ስልክ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ቤተ መጻሕፍት ከኮቪድ በኋላ «ወደ ቀድሞ ሥራቸው ተመለሱ» የሚለውን ጽሑፋችሁን አነበብኩት። ደስ የሚል ዜና ነው። ግን «ወደ ቀድሞ» የምትለዋ ቃል ከነከነችኝ። እኔ ለዓመታት ቅዳሜ ጠዋት በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለሕፃናት ተረት የማነብ በጎ ፈቃደኛ ነኝ። በሩ ሳይዘጋም፣ ተዘግቶም፣ ተከፍቶም እዚያው ነበርኩ። የምለው ካየሁት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ያለው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ብዙም ሳይቆይ በየአገሩ የንባብ አዳራሾች ተቆለፉ። እኛም የምናውቀውን ይዘን ዙም ላይ ወጣን። የመጀመሪያዋን ቅዳሜ አልረሳትም። መጽሐፉን ካሜራው ፊት ዘረጋሁት፤ የአምፖሉ ብርሃን ገጹ ላይ አርፎ ስዕሉን ነጭ አደረገው። ሃያ ምናምን ልጅ ባንዴ ይጮኻል። «ማይክ ዝጉ» ስንላቸው ደግሞ ጭጭ አለ፤ ከግድግዳ ጋር የማወራ መሰለኝ። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ አንበሳውን ለማየት ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ተጠግታ በመጨረሻ የሚታየን ግንባሯ ብቻ ሆነ። ሁላችንም ሳቅን። እሷ ግን አንበሳውን አላየችውም።

በሚቀጥለው ሳምንት መጽሐፉን አስቀምጬ በቃሌ አወራሁ። እጄ ላይ ቡናማ ካልሲ አጠለቅኩና አንበሳ አደረግኩት። ሃያ ደቂቃ እንጂ እንደ አዳራሹ አንድ ሰዓት አልቆየሁም። ያኔ ሰሙኝ። በአዳራሽ የለመድነውን እንዳለ ገልብጦ ስክሪን ላይ መለጠፍ እንደማይሠራ የገባኝ በዚያች ካልሲ ነው።

በዚያን ጊዜ የተሠራው ሁሉ ይቀጥል እያልኩ አይደለም። ተቀድቶ ለተጫነው የተረት ቪዲዮ አላለቅስም። «ይህን ያህል ሺህ ሰው አየው» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል፤ ሦስት ሰከንድ አይቶ ያለፈውም ከተቆጠረው ውስጥ አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

የመጻሕፍቱ ኳራንቲንም ይቅርብን። የተመለሰ መጽሐፍ ሁሉ ለቀናት ተለይቶ ይቀመጥ ነበር። በ2012 ክረምት አሜሪካ ውስጥ ሪልም በተባለው ፕሮጀክት ቫይረሱን በመጻሕፍት ላይ ፈትነውት ነበር። ተነጣጥለው በተቀመጡት ላይ ከሦስት ቀን በኋላ አልተገኘም። ተደራርበው ሲፈተኑ ግን ከስድስት ቀን በኋላም ተገኘ። ይህን የሰማን ጊዜ ጠረጴዛው አልበቃ ብሎን ወለሉ ላይ ሁሉ መጽሐፍ ዘረጋን። በመጋቢት 2013 ደግሞ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ቫይረሱ ያለበትን ዕቃ አንዴ በመንካት የመያዝ ዕድል ባጠቃላይ ከ10,000 አንድ በታች ነው አለ። የሚያሰጋው ይበልጡን አብረን የምንተነፍሰው አየር ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነብን። አልፈርድም፤ የሚታወቀው ያን ያህል ነበር። ብቻ ሳኒታይዘሩን በካርቶን የገዛን ሰዎች ዛሬም የማይከፈት መስኮት ሥር ሕፃናት ሰብስበን እናነባለን።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስልኩ።

በሩ በተዘጋባቸው ወራት ሠራተኞቹ የአባላትን ዝርዝር አውጥተው አዛውንቶቹን በየተራ ይደውሉላቸው ጀመር። ሌላም አገር እንዲሁ ያደረጉ ነበሩ። «ምን ልላክልዎ?» ብሎ ለመጠየቅ ነበር፤ ጨዋታው ግን ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። አንድ አስተማሪ የነበሩ አባት ለደወለችላቸው ልጅ «መጽሐፉ ይደርሳል፤ እስቲ መጀመሪያ ስለ ውጭው አውሪኝ» ብለዋታል። ለልጆችም እንዲሁ በስልክ ተረት እናነብ ነበር። ኢንተርኔት የሌለው ቤትም ስልክ አያጣም።

በሩ በተከፈተ በሳምንቱ ስልኩም ዙሙም ቆመ። የአንዲት እናት ልጅ ከባድ ሕክምና ላይ ስለሆነ ሰው የበዛበት ቦታ አይገባም። ለእሱ ኮቪድ ከመምጣቱ በፊትም አዳራሹ ዝግ ነበር፤ የተከፈተለት ሌላው ሰው ሁሉ ቤት በዋለበት ጊዜ ነው። እናቱ ደውላ «ቅዳሜ ስንት ሰዓት ሆነ አሁን?» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ኃላፊዋን ስጠይቃቸው «አሁን እኮ ተከፍቷል» አሉኝ። ለማን?

ዋይፋዩም እንደዚሁ ነው። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ገና በመጀመሪያው ወር «ሕንፃው ቢዘጋም ዋይፋዩን አታጥፉ» ብሎ መክሮ ነበር፤ ብዙዎችም ሰሙ። እኛ ዘንድ አንድ ተማሪ ደረጃው ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የቤት ሥራውን ሲልክ አይቻለሁ። አሁን ማታ ሰዓት ሲደርስ ከመብራቱ ጋር ይጠፋል።

ዲጂታል መጽሐፉስ አለ የሚል ይኖራል። አለ። ኦቨርድራይቭ በተባለው አቅራቢ በኩል ብቻ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ430 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ዲጂታል መጽሐፍና መጽሔት ተውሷል፤ ከዚያ በፊት ከነበረው ዓመት በ33 በመቶ ይበልጣል። ግን ነፃ እንዳይመስላችሁ። ወረቀቱ እስኪበጣጠስ ይዋሳል፤ የብዙ አሳታሚዎች ዲጂታል ቅጂ ግን ሁለት ዓመት ሲሞላው ወይም ለምሳሌ 26 ጊዜ ሲዋስ ፈቃዱ ያልቅና እንደገና ይገዛል። ስልክ መደወል ከዚህ ሁሉ ርካሽ ነው።

ከዚያ ጊዜ በጎ ነገር ይዘው የቀሩም አሉ። የኒው ዮርክ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በመስከረም 2014 የመዘግየት ቅጣትን ጨርሰው አስቀሩት። በወረርሽኙ ወቅት ቅጣት ማስከፈል አቁመው ነበር፤ ሲከፍቱ አልመለሱትም።

ኃላፊዎቹን የምጠይቀው ትንሽ ነው። ፕሮግራም ከማቆማችሁ በፊት ይጠቀሙበት ለነበሩት ሰዎች ደውሉ። ደግሞ «አዳራሹንም ስክሪኑንም ባንዴ» ብላችሁ አዳራሹ ጥግ በቪዲዮ የሚያስተላልፍ ስልክ አትትከሉ፤ ቤት ያለው ልጅ የሚያየው የሌሎች ልጆችን ማጅራት ነው። ለብቻው ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ቅዳሜ ከአዳራሹ ንባብ በኋላ ክፍሉ ባዶ ነው። ካልሲውም አለ።

የቅዳሜ ተረት አንባቢ