የአዋሽ ጣቢያ ይጠበቅልን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

አዳማ የምኖር ጡረተኛ መምህር ነኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የባቡር ሠራተኛ ነበር። ትምህርት ሲዘጋ ወደ አዋሽ ይዞኝ ይሄዳል። መተሐራን ስናልፍ በመስኮት አንገቴን አውጥቼ በሰቃ ሐይቅን አያለሁ። ዳር ዳሩን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከኋላው የፈንታሌ ተራራ። አዋሽ ስንደርስ ሴቶች የፍየል ወተት ይዘው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። ጭስ ጭስ የሚለው ጣዕሙ አሁንም አፌ ላይ አለ።

በቅርቡ የልጅ ልጄን ይዤ ሄድኩ። የድሮው ሀዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነው። ልጁ እግሩን ዘርግቶ ሁለቱንም ብረት ረገጠና «አባባ፣ ባቡሩ መቼ ይመጣል?» አለኝ። አንጀቴ ተላወሰ። እ.ኤ.አ. በ1917 ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ የገባው መስመር ነው እኮ!

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ከልቤ ደስ ብሎኛል። የድሮውን ጣቢያ ግን ለምን እንረሳዋለን? የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ቅርብ ነው። ፏፏቴው፣ ፍልውሃው፣ ሳላ የሚባሉት የዱር እንስሳት፣ ሁሉም እዚያው አካባቢ ናቸው። ጎብኚ ግን ከመኪና ሳይወርድ ያልፋል።

የሚመለከታችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ጣቢያውንና ቡፌ የሚባለውን የጣቢያውን ምግብ ቤት በቅርስነት ጠብቁልን። አንድ ክፍል እንኳ ሙዚየም ይሁን። የአባቴ ፋኖስ፣ አረንጓዴና ቀይ ባንዲራዎቹ ቤቴ አሉ። ቦታው ሲዘጋጅ ራሴ ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ