ልጄ፣ ከዘር አትትከል

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትህ? ጉንፋኑስ ተሻለህ?

እህትህ ነገረችኝ። መሬቱን ሁሉ በጊሽጣ ልትሞላው ነው አሉ። ደስ ብሎኛል። ግን የጣፈጠህን ፍሬ ዘር እያጠራቀምክ እንደሆነ ስሰማ እንቅልፍ አጣሁ። ከዘር አትትከል። የጊሽጣ ልጅ እናቱን ይመስላል ብለህ አትመን። አንዱ ዘር ብቻ ይሆናል፣ ሌላው ሥጋው ይሻክራል፣ ሌላው ዛፉ ላይ እንዳለ ይሰነጠቃል። ገበያ ደግሞ አንድ ዓይነት ፍሬ ነው የሚፈልገው።

የአያትህን ዛፍ ታስታውሰው የለ? ያን ዘሩ ጥቂት፣ ሥጋው እንደ ቅቤ የሚቀልጠውን። ዛፉ ሲወድቅ ዘሩን ሁላችንም ተከፋፈልን። የአጎትህም በቀለ፣ የአክስትህም በቀለ። ሁለቱም አፈሩ፤ አንዳቸውም እሱን አልሆኑም። አባቴ በሕይወት እያለ አንዲት ለጋ ቅርንጫፍ ተቆርጣ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ብትዳቀል ኖሮ፣ ያ ጣዕም ዛሬም በእጃችን ነበር። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ሥሩ ከዘር ይብቀል፣ ግድ የለም። በላዩ ግን ፍሬው ከተመሰከረለት ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ አዳቅልበት።

አዲስ ዝርያ ላውጣ ካልክ አልከለክልህም። አቴሞያ የሚባለው ፍሬ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1908 አሜሪካ፣ ማያሚ ውስጥ የጊሽጣ ወገን የሆኑትን የቸሪሞያንና የስኳር አፕልን አበባ አገናኝተው ነው። አርካ ሳሃን የተባለው የህንድ የጊሽጣ ዝርያም አንድ ወላጁ አቴሞያ ነው። ግን ይሄ የዓመታት ሥራ ነው፤ ከብዙ ችግኝ አንዱ ቢሳካ ነው። ለሙከራው ጥግ ለይለት። እንጀራህ የሚወጣበትን መሬት ከዘር አትትከልበት፣ እባክህ ልጄ።

ደግሞ አበባውን ዝም ብለህ አትየው። መጀመሪያ ሴት ነው፣ በኋላ ወንድ ይሆናል፤ ለራሱ አይደርስም። የሚያገናኙት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ናቸው። እነሱ ካነሱ ፍሬው ያንሳል፣ የተገኘውም ይጣመማል። ከሰዓት በኋላ ቅጠሎቹ ወለል ብለው የተከፈቱትን አበቦች ልቀም። ብናኛቸውን ብልቃጥ ውስጥ አራግፍ። በማግስቱ ማለዳ ገና ገርበብ ያለችውን አበባ ፈልግ። ውስጧ የሚያብረቀርቅና የሚያጣብቅ ከሆነ ጊዜዋ ነው። ለስላሳ ብሩሽ አስገብተህ ዙሪያዋን ቀባ። አንድ ጎን ብቻ ከነካህ ፍሬው ጎባጣ ይሆናል።

ዘሩን ከፈጨህ በዚያ እጅህ ዓይንህን እንዳትነካ! መርዝ ነው፤ ዓይን ያጠፋል። ሠራተኞቹንም አስጠንቅቅ።

ችግኝ ስትገዛ ቅርንጫፉ ከየትኛው ዛፍ እንደተቆረጠ ጠይቅ። መናገር ካልቻሉ አትግዛ። ያጠራቀምከውን ዘር ደግሞ ለሥር የሚበቃህን አስቀርተህ ሌላውን ጣለው። እሑድ ደውልልኝና ምን እንደወሰንክ ንገረኝ።

እናትህ