አሻሻልነው ብላችሁ ስለመለሳችሁልኝ ሲዲ ማጫወቻ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ እና ለጥገና ክፍሉ
ከጎንደር

ጉዳዩ፦ ተሻሽሏል ተብሎ የተመለሰልኝ ሲዲ ማጫወቻ ድምፁ ስለተበላሸ፣ ተቀይሯል ተብሎ የተከፈለበት ዕቃም ስላልተቀየረ

ጤና ይስጥልኝ።

የቤቴን ሲዲ ማጫወቻ እንድታሻሽሉልኝ ፒያሳ ባለው ሱቃችሁ በኩል ሰጥቻችሁ ነበር። የተነጋገርነው ሦስት ሥራ ነው። ዲስኩን የሚያነበው ሌዘር ይቀየራል፣ የፓወር ሰፕላዩ (ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ካፓሲተሮች፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን አጠራቅመው የሚያረጋጉት ዕቃዎች፣ በሙሉ በአዲስ ይተካሉ፣ ዲጂታሉ ወደ ድምፅ ከተቀየረ በኋላ ወደ አምፕሊፋየር የሚያወጣው አይሲ (ቺፕ) ደግሞ በተሻለ ይለወጣል። ደረሰኙ ላይም ሦስቱም ተጽፈዋል። 14 ሺህ ብር ከፍያለሁ። በትክክል የተሠራው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ስልክ ስደውል "ጋሼ፣ አዲስ ዕቃ ስለሆነ ነው፣ ጆሮዎ እስኪለምደው ይታገሱ" ተባልኩ። ታገስኩ። አልተለወጠም። ስለዚህ ያዳመጥኩትን፣ የለካሁትንና ክዳኑን ከፍቼ ያየሁትን በጽሑፍ አድርጌዋለሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ሌዘሩ ሸጋ ሆኖ ተሠርቷል። ድሮ መሃል ላይ እየዘለሉ የሚያበሳጩኝ ዲስኮች አሁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወታሉ፣ ዲስክ ሲገባም ቶሎ ያነባል። ይህን የሠራው ባለሙያ እጁ ይባረክ።

ችግሩ ድምፁ ነው። ስረከብ ሱቃችሁ ያለው ልጅ ከፍቶ አሰማኝ። ጎላ፣ ደመቀ። "ሰሙት ልዩነቱን?" አለኝ። አዎ፣ ሰምቻለሁ፣ በዚያ ሰዓት ደስም ብሎኛል። ቤት ገብቼ የማውቃቸውን ዲስኮች ረጋ ብዬ ስሰማ ነው ነገሩ የተገለጠው።

የዓለሙ አጋን በገና አስቀደምኩ። ማጫወቻ ሲቀየር ሁልጊዜ መጀመሪያ የምሰማው በገና ነው፣ ምክንያቱም አይዋሽም። አሥሩ አውታሮች ብርኩማው ላይ ሲያርፉ በመሃላቸው ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፣ እንዝራ የምንላት። ያ ነዘር የሚለው የበገና ድምፅ የሚመጣው አውታሩ እሷን እየነካ ስለሚርገበገብ ነው። በድሮው ድምፅ መጀመሪያ ጣቱ አውታሩን ሲነካ ይሰማኛል፣ ከዚያ ንዝረቱ ይነሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ከሰውየው ድምፅ ሥር ይገባና ይጠፋል። ሦስቱን ለያይቼ እሰማቸው ነበር። አሁን ሦስቱም ተደባልቀው አንድ ሆነዋል። ንዝረቱ በጋለ ዘይት ላይ ውሃ ጠብ ሲል እንደሚንጫጫው ሆኗል። የሰውየውም ድምፅ ከበገናው ላይ ተነስቶ ብቻውን ወደፊት መጥቷል። በሁዳዴ ማታ ማታ የምሰማው ዲስክ ነው፣ አሁን ከአንዱ መዝሙር ወደ ሌላው ሳልሄድ አጠፋዋለሁ።

ቀጥሎ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ሰማሁ። ድሮ የተቀዳ ስለሆነ ከሥሩ ሽሽ የሚል የቴፕ ድምፅ አለው፣ እሱን አውቀዋለሁ፣ አይረብሸኝም። በፊት ከኋላ ሆኖ ለስለስ ያለ ነበር። አሁን ከፒያኖው ፊት ቆሟል። እማሆይ አንዷን ኖታ መትተው ትተዋት ቀስ ብላ ስትሞት መስማት ነው የዚያ ሙዚቃ ሙሉ ደስታው፣ አሁን ግን ኖታዋ ሳትጨርስ ሽሽታው ይውጣታል።

የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ብዙ አልጽፍበትም። ሽለላና ፉከራውን በሳክስፎን ያደረገ ሰው ነው፣ እኛ ጎንደሬዎች ሽለላ እንዴት ደረት እንደሚነፋ እናውቃለን። ደረቱ ጠፍቷል። ጆሮ የሚበሳው ብቻ ቀርቷል።

ታዲያ ሱቅ ውስጥ ለምን ጥሩ መሰለኝ? እዚህ ላይ ነው ዋናው ቅሬታዬ። ድምፁ የተሻለ መስሎ የተሰማኝ ስለጮኸ ነው። የሰው ጆሮ ሁለት ድምፅ ሲያወዳድር ትንሽ ከፍ ያለውን "ይህ ይሻላል" ይላል፣ ልዩነቱ ከፍታ መሆኑን እንኳ ሳያውቅ። ይህን በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ለካሁት። ባለ 50 ኸርዝ ድምፅ በሙሉ ከፍታው የተቀዳበት መፈተሻ ሲዲ አስገብቼ ከማጫወቻው መውጫ ላይ በሙልቲሜተር ቮልቱን አየሁ። የሲዲ ማጫወቻ የተለመደ መውጫ ወደ 2 ቮልት ነው። የእኔ አሁን በግራ 2.6፣ በቀኝ 2.2 ቮልት ያወጣል። በግራ በኩል ብቻ ከ2 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) በላይ ጨምራችሁበታል ማለት ነው። ጥራት ብላችሁ የሸጣችሁልኝ ጩኸት ነው።

አዘዞ የሚኖር ወዳጄ ልክ የእኔን ዓይነት ማጫወቻ አለው፣ ማንም ያልነካው፣ እንደተገዛ ያለ። ይዤ ሄድኩ። የእሱ በሁለቱም በኩል 2 ቮልት ነው። ስፒከሩ ላይ እኩል ቮልት እስኪመጣ ድረስ የእኔን ዝቅ አደረግነውና የወዳጄ ልጅ ገመዱን እያፈራረቀ፣ የትኛው እንደሚጫወት ሳይነግረን አሰማን። ሁለታችንም የመረጥነው ያልተነካውን ነው፣ ያውም ሳንጨነቅ። ከፍታው እኩል ሲሆን የእናንተ ማሻሻያ የነበረው ብልጫ ሙሉ በሙሉ ጠፋ፣ የቀረው ሻካራነቱ ነው።

አሁን ወደ ግራና ቀኙ ልምጣ፣ ይህ የጣዕም ጉዳይ ስላልሆነ። በሞኖ የተቀዳ ዘፈን በሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚወጣው፣ ዘፋኙም ከመሃል መሰማት አለበት። እኔ ቤት ዘፋኙ ወደ ግራ ሄዷል። ስፒከሩ ይሆናል እንዳትሉኝ፣ ከማጫወቻው ጀርባ ቀዩንና ነጩን ገመድ አቀያየርኳቸው። ዘፋኙ ወደ ቀኝ ተሻገረ። ስፒከሬም አምፕሊፋየሬም ደህና ናቸው፣ ችግሩ ማጫወቻው ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ክዳኑን የከፈትኩት። (ከሶኬት ነቅዬ፣ በቂ ጊዜ ጠብቄ ነው። ማኅተምም ሆነ ስቲከር አልነበረበትም፣ "ከፍተኸዋል፣ አይመለከተንም" የሚል መልስ አልቀበልም።) ያየሁት ይህ ነው።

ትራንስፎርመሩ አጠገብ ያሉት ሁለቱ ትልልቅ ካፓሲተሮች የድሮዎቹ ናቸው። ሥራቸው ያለው የፋብሪካ ሙጫ ቡናማ ሆኖ ደርቋል፣ አቧራው እንኳ እንዳለ ነው። የአንዱ አናት ተነፍቷል፣ ጣት ሲያልፍበት ይታወቃል። በቦርዱ ጀርባ ብየዳቸውን አየሁ፣ ካዊያ አልነካውም። ካፓሲተር ውስጡ ያለው ፈሳሽ በሙቀትና በዕድሜ ስለሚደርቅ ነው ለማስቀየር የመጣሁት፣ እኔ ስለ ሌላው ነገር ብዙም አልተጨነቅኩም ነበር። ደረሰኙ ላይ "በሙሉ ተቀይሯል" ይላል። አልተቀየረም። ይህን ሌላ ስም ልሰጠው አልፈልግም፣ እናንተ ግን ልትመልሱልኝ ይገባል።

አይሲው ተቀይሯል፣ እውነት ነው። ሶኬት ላይ ተሰክቶ ተቀምጧል። ፈጣን አይሲ ሲገባ ግን ኃይል የሚቀበልባቸው እግሮቹ ሥር ትንንሽ ካፓሲተር እንደሚፈልግ የምታውቁ ይመስለኛል፣ አለበለዚያ ጆሮ በማይሰማው ፍጥነት ራሱን በራሱ ይርገበገባል፣ ይግላል፣ የሚሰማውንም ድምፅ ያበላሻል። እዚያ ምንም የለም። ክዳኑን ከፍቼ ጥቂት አጫውቼ ካጠፋሁትና ከሶኬት ከነቀልኩት በኋላ ጣቴን ሳሳርፍበት መቆየት አልቻልኩም፣ ያቃጥላል። በገናውን የሚያንጫጫው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ከፍታውን የሚወስኑት ሬዚስተሮችም ተነክተዋል፣ በግራ የገባው፣ መጠኑን የሚያሳየው የቀለም መስመሩ ከቀኙ ይለያል። አንድ ሰው ጎን ለጎን ቢያያቸው ይበቃ ነበር። ከመውጣቱ በፊት ማንም ሁለቱን ጎን እንዳልለካ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ሁሉንም ፎቶ አንስቼ አያይዤዋለሁ።

ሱቃችሁ ያለው ልጅ ሌላም ነገር ብሎኛል። ማሻሻያው ተራውን ሲዲ "ወደ 24 ቢት፣ 192 ኪሎኸርዝ ጥራት ያሳድገዋል" አለኝ። ይህን ለሌላ ደንበኛ አትንገሩ። ሲዲ በ1982 እ.ኤ.አ. ለገበያ ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ላዩ ላይ ያለው 16 ቢት ነው፣ በሰከንድ 44,100 ናሙና፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ያን ያህል ጊዜ ተለክቶ በቁጥር የተጻፈበት ነው። ማጫወቻው ቁጥሩን ሊያበዛው ይችላል፣ ዲስኩ ላይ ያልተቀዳውን ግን ከየት ያመጣዋል? በዚያ ላይ እናንተ የቀየራችሁት አይሲ ከዲጂታሉ ክፍል በኋላ ነው ያለው፣ ቢትና ናሙና አይነካም። ልጁ የተባለውን ነው የሚደግመው፣ እሱን አልወቅስም። ያስተማረውን ሰው ነው የምወቅሰው።

"የጎንደር መብራት ነው" የሚል መልስም ደርሶኛል። መብራታችን እንደሚሄድና እንደሚመጣ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም። ለዚያ ነው ስታቢላይዘር ያለኝ። መብራት ቢሆን ደግሞ ሁለቱንም ጎን እኩል ይጎዳ ነበር እንጂ ግራውን መርጦ አያጎላም። መብራት የተነፋ ካፓሲተር በአዲስ ተተክቷል ብሎ ደረሰኝ ላይ አይጽፍም።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ልንገራችሁ። ሙዚቃ አሁን ሁሉም በስልክ ነው የሚሰማው፣ ልጆቼም እንደዚያው። እኔ ዲስኮቼን ለዓመታት ነው ያጠራቀምኳቸው፣ አንዳንዶቹን ከውጭ ሰው አስልኬ። እዚህ ከተማ የሲዲ ማጫወቻ አምኜ የምሰጠው ሰው እየጠፋ ነው። እናንተ ሱቅ ስትከፍቱ ደስ ያለኝ ለዚህ ነበር፣ ለሌሎችም ነግሬያለሁ፣ በእኔ ቃል አምነው ዕቃቸውን ያመጡላችሁ ሰዎች አሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የእኔ ብቻ አይደለም። በእነሱም ማጫወቻ ውስጥ የድሮው ካፓሲተር ቁጭ ብሎ እንደሆነ ማወቅ አለባቸው።

የምጠይቀው ግልጽ ነው። ካፓሲተሮቹን በተከፈለበት መሠረት ቀይሩ፣ የወጡትን አሮጌዎች በእጄ ስጡኝ። ያወጣችሁትን የፋብሪካ አይሲና ሬዚስተሮች ወደ ቦታቸው መልሱ፣ እኔ አዲሱን አልፈልገውም፣ የእሱንም ዋጋ መልሱልኝ። ሲጠናቀቅ ግራና ቀኙን እኔ ባለሁበት ለኩ፣ ቁጥሩንም ደረሰኙ ላይ ጻፉ። ሌዘሩ እንዳለ ይቆይ፣ ለእሱ የከፈልኩት ሐላል ነው። ለድጋሚ ሥራው ሳንቲም አልጨምርም።

ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ጉዳት ሲደርስበትም ካሣ የመጠየቅ መብት እንዳለው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይደነግጋል። ወደዚያ መሄድ አልፈልግም፣ በእናንተና በእኔ መካከል ቢያልቅ ደስ ይለኛል። እስከ መጪው ሳምንት መጨረሻ መልስ ካላገኘሁ ግን ደረሰኙንና ፎቶዎቹን ይዤ ንግድ መምሪያ እሄዳለሁ።

ስልኬ ደረሰኙ ላይ አለ። ስትደውሉ እባካችሁ ሥራውን የሠራው ባለሙያ ራሱ ይደውልልኝ፣ ሱቁ ያለው ልጅ መሃል ገብቶ እንዳይቸገር። ማጫወቻውን የማመጣው ከእሱ ጋር ከተነጋገርን በኋላ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ደንበኛችሁ